ያረጋገጠው፦ ወንድሜ

ጉዱ ሁሉ የተጀመረው እሱ ጠረጴዛ ሥር በነበረበት ሰዓት ነው። የአውቶቡስ ድርጅቱ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ እስከ ትኬት መስኮቶቹ ድረስ ያሉት ማሽኖች ሁሉ በእሱ እጅ ናቸው። ያን ቀን አይጥ የበላውን ገመድ ሊቀይር በሆዱ ተኝቶ፣ አንድ እጁን ወደ ግድግዳው ዘርግቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ታላቅ እህቱ ናት። እሷ ስትደውል አለማንሳት አይቻልም። እስኪነሳ ትደውላለች፤ እምቢ ካለ ደግሞ የሥራ አስኪያጁን ስልክ ታውቀዋለች።

«ማሙሽ» አለችው። ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ለእሷ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው። «ስለ ኮምፒውተር አንድ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። በጣም ከባድ ነገር ነው። ይውጣ?»

«እሺ እታለም።»

«አይተኸዋል ማለት ነው?»

«እሺ፣ እሺ» አለና ስልኩን ዘጋ። ገመዱ እጁ ሊገባ ትንሽ ነበር የቀረው። ደግሞስ ለታላቅ እህት እሺ ሲሉ ማን አስቦ ያውቃል?

ለእህቱ የደረሳት ነገር ኢሜይል ነበር። ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ መቼ እንደተጻፈም አይታወቅም። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ አደገኛ ቫይረስ በየኮምፒውተሩ ገብቶ ተኝቷል፤ የሻማ ሥዕል ያለበት ትንሽ ፋይል መስሎ ነው የተደበቀው፤ የቫይረስ ማጥፊያ ፕሮግራሞች አያዩትም፤ ቀኑ ሲደርስ ይነሣና ያላችሁን ሁሉ ይበላዋል፤ ትልልቅ የኮምፒውተር ድርጅቶች አረጋግጠውታል፤ ፈልጋችሁ አጥፉት፣ ለምታውቁት ሰው ሁሉ ላኩት። መጨረሻው ላይ አንዲት ተንኮለኛ መስመር ነበረችው፦ «አንዳንድ ሰዎች ውሸት ነው ይሏችኋል፤ ቫይረሱን የሚያሰራጩት እነሱ ስለሆኑ አትስሟቸው።»

የሻማው ፋይል እንኳ ምስኪን ነው። ከፋብሪካ ጀምሮ አብሮ የሚመጣ፣ በየሰዉ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ፣ ማንንም የማይነካ ነገር። የማስጠንቀቂያው ብልጠትም እዚህ ላይ ነው። ፈልጉ ይላል፣ ሰው ይፈልጋል። ያገኛል። ይደነግጣል። ከደነገጠ በኋላ ደግሞ ብቻውን መደንገጥ አይወድም።

እህትየው ጡረታ ከመውጣቷ በፊት የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ዋና ጸሐፊ ነበረች። ስንት ርእሰ መምህር መጣ፣ ስንቱ ሄደ፣ እሷ ግን ከጽሕፈት መኪናዋ ኋላ ንቅንቅ አላለችም። ከእጇ የሚወጣ ማስታወቂያ ሁሉ ግርጌው ላይ «ያረጋገጠው፦» የሚል መስመር ነበረው፤ ከመስመሩ ቀጥሎ የርእሰ መምህሩ ስም ይገባል። ርእሰ መምህሩ ያንብበው አያንብበው የእሷ ጉዳይ አልነበረም። በሩን ገርበብ አድርጋ «ጋሼ፣ ይውጣ?» ትላለች፤ ከውስጥ «እሺ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ስሙ ይጻፋል። ትምህርት ቤቱ ተከብሮ የኖረው በዚህ አሠራር ነው ብላ ታምናለች። «ያረጋገጠው» የሌለበት ማስታወቂያ ለእሷ ሱሪ ሳያደርግ አደባባይ እንደወጣ ሰው ነው።

ስለዚህ ያንን ኢሜይል አሳምራ ጻፈችው። የፊደል ግድፈቱን አረመች፤ አንቀጽ ከፈለችለት፤ «ይበላዋል» የሚለውን «ያወድመዋል» ብላ ከፍ አደረገችው። ግርጌው ላይም «ያረጋገጠው፦ ወንድሜ፣ የአውቶቡስ ድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ» ብላ ጨረሰች። ከዚያ ላከችው። ለማን ላከችው ከማለት ለማን ሳትልክ ቀረች ማለት ይቀላል። ለመምህራኑ፣ ለወላጆች ኮሚቴ፣ ለጎረቤት፣ ለሟች ባሏ የሥራ ባልደረቦች ላከች። ለሥራ አስኪያጁም ላከች። ሥራ አስኪያጁ የተማረው በዚያ ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ ሽበታም አለቃ ቢሆንም ከእሷ የመጣ ማስታወቂያ ሲያይ ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ይስባል።

እሱ በማግስቱ ወደ ሌላኛው መናኸሪያ ሄዶ ነበር። የተበላሸ ማሽን ጠግኖ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ዓለም ሰላም ነው ብሎ ተመለሰ። ሲገባ ግን የትኬት አዳራሹ ጥሬ እንደሚቆላበት ምጣድ ይንጫጫል። አንደኛው መስኮት ላይ የምትሠራው ትኬት ቆራጭ፣ ትኬት ስትቆርጥ እጇ ስለማይታይ «መብረቅ» የሚሏት፣ ከሩቅ አየችውና ፈገግ አለች።

«እንኳን ደስ ያለህ! ቫይረስህን አጠፋንልህ።»

«የኔን?»

«አንተ ያረጋገጥከውን ነዋ። የራሴን ጨርሼ የሌሎቹንም መስኮቶች እኔ ነኝ ያጠፋሁላቸው። ሻማዋን ሳያት ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር።»

ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አገኘው። ሥራ አስኪያጁ አሳትሞ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ በአራት ስፒል ወጥሮ ሰቅሎታል። ከላይ እስከ ታች አነበበው። የእህቱን አጻጻፍ ለማወቅ ሁለተኛ መስመር መድረስ አላስፈለገውም። ግርጌው ላይ ራሱን አገኘና ጆሮው ጋለ።

ከዓመታት በፊት የድርጅቱን የትኬት ፕሮግራም የሠራው ሰው፣ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ የወንበር ቁጥር ትኬቱ ላይ የሚታተመው በዚያ ፋይል በኩል እንዲሆን አድርጎ ነበር። በሌላው ዓለም ሥራ ፈት የሆነው ሻማ እዚህ ድርጅት ውስጥ ሰው ያስቀምጣል። ፋይሉ ሲጠፋ ትኬቱ ላይ ከተማው አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ዋጋው አለ፤ ወንበር ግን የለም። አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ባለችው ወንበር ላይ አንድ አናጺና አንዲት አዋላጅ እኩል መብት ይዘው ተቀመጡ። እኩል መብት ያላቸው ሰዎች እኩል አይወፍሩምና አዋላጇ ግማሽ አካሏ መተላለፊያው ላይ ቀረ። የኋላ ወንበሮቹን የሚፈልግ ጠፍቶ የፊቶቹ ላይ ጦርነት ተከፈተ። ሹፌሩ ቁልፉን ነቅሎ ወርዶ አንድ ጥግ ቁጭ አለ፤ የሁሉም ጭቅጭቅ ሲያልቅ ጥሩኝ ብሎ።

ኮምፒውተረኛው ነገሩ ወዲያው ገባው። የፋይሉ ቅጂ ያለበትን ዲስክ ከመሳቢያው አወጣ፤ ፋይሉን በየማሽኑ መለሰ። ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ታተመ። ሥራ አስኪያጁ አንዱን ትኬት ወደ መብራቱ አንሥቶ አየው።

«ይኸው!» አለ። «ቫይረሱ ለቀቀ።»

«ጋሼ፣ ቫይረስ አልነበረም።»

«አልነበረም? ታዲያ ቁጥሩ ለምን ጠፋ?»

«ፋይሉን ስላጠፋችሁት ነው።»

«ለምን አጠፋነው?»

«ማስጠንቀቂያው አጥፉ ስላላችሁ።»

«ማስጠንቀቂያውን ማን አረጋገጠው?»

 ኮምፒውተረኛው ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅሎ ያስረዳው ጀመር። ይሄ ጽሑፍ ቀን የለውም። ጸሐፊው አይታወቅም። ትልልቅ ድርጅቶች አረጋግጠዋል ይላል፤ የትኞቹ? ደውዬ ልጠይቅ ቢሉ ማን ዘንድ ይደውላሉ? ገና ሲጀምር ያስደነግጥዎታል፣ ድንጋጤው ሳይበርድ ደግሞ ለሰው ሁሉ ላኩ ይላል። ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ ከሠሪው ድርጅት ይመጣል እንጂ ሰው ለሰው ላኩልኝ እያለ በየቤቱ አይለምንም። «እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አለማጥፋት፣ አለመላክ፣ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ነው» አለ፤ ያለው ነገር ወዴት እንደሚወስደው የገባው አፉን ከዘጋ በኋላ ነው።

«ተጠይቀሃል» አለ ሥራ አስኪያጁ ረጋ ብሎ። ከዚያ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ከ«ያረጋገጠው» በላይ ያለችውን መስመር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበባት። «አንዳንድ ሰዎች ውሸት ነው ይሏችኋል...» እያለ በመነጽሩ በላይ አየው። መብረቅም አየችው። ፋይሉን ሲመልስ አጠገቡ ቆማ የነበረች ሴት ናት፤ አሁን ግን ትንሽ ራቅ አለች።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሮው አስገብቶት በሩን ዘጋና ነገሩን አንድ በአንድ ዘረዘረለት። የድርጅቱ ባለቤት አውቶቡሱ ለምን እንደቆመ ጠይቀዋል፤ ባለቤቱ ምክንያት አይፈልጉም፣ የሚጠየቅ ሰው ነው የሚፈልጉት። አንተ አላረጋገጥክም ካልክ እህትህ በስምህ ዋሹ ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ እንዲያ ብለህ ጻፍ፤ ማስጠንቀቂያው ለደረሰው ሰው ሁሉ እልከዋለሁ። ካረጋገጥክ ደግሞ አረጋግጬ ተሳስቻለሁ በል። «እኔ በሳቸው ላይ ምንም አልጽፍም» ብሎ ጨረሰ። «ከምሳ በኋላ ስጠኝ።»

ምሳ ሰዓት ላይ እህቱ ቤት ሄደ። ሊነግራት ነው የሄደው። መንገዱን ሁሉ ሲለማመድ ሄደ፤ ደረጃውን ሲወጣ እንኳ «እታለም፣ አትቀየሚኝ» የሚለውን በሦስት ዓይነት ድምፅ ሞክሮታል።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ያ ቤት ጭር ብሎ ነበር። ጡረታ ስትወጣ «እየመጣን እንጠይቅሻለን» ያሉት ሁሉ ውሃ በላቸው። የቤቱ ስልክ ሳሎን ውስጥ አለ፤ አቧራ እንዳይጠጣ ብላ ዳንቴል አልብሳው ነበር። እሱ በየሳምንቱ ሲመጣ ስለ አቧራ፣ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ መብራት ቆጣሪ ታወራዋለች፣ እሱም ሰዓቱን እያየ ይሰማታል። አንዳንዴ ስልኩን አንሥታ ይሠራ እንደሆነ እንደምታዳምጥ ያውቃል። አንድ ቀን ስታደርገው አይቷታል፤ ያየ ሳይመስል አለፈ።

ዛሬ በሩን የከፈተችለት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነው። ገመዱ እስከ በሩ ተወጥሯል። ፀጉሯ ተሠርቷል። «አዎ፣ አዎ፣ ሻማ ያለበት» እያለች በእጇ ግባ አለችው። «ወንድሜ ራሱ ነው ያረጋገጠው፣ እንዲያውም መጣ፣ አጠገቤ ቆሟል!» ስልኩን ዘጋች፤ ገና ከመዝጋቷ እንደገና ጮኸ። ይሄኛው የድሮ ርእሰ መምህሯ ነበር። ሁለቱ ስለ ቫይረሱ ጥቂት፣ ስለ ድሮው ጊዜ ብዙ አወሩ።

«ማሙሽዬ፣ ስንት ሰው እንደደወለ ብታይ!» አለችው ፊቷ በርቶ። «የኬሚስትሪ አስተማሪው ደወለ። እኔኮ ሞቷል ብዬ ነበር፤ እንባ ሁሉ አፍስሼለታለሁ። ከታች ያለችው ጎረቤትም ከነልጆቿ መጥታ አመሰገነችኝ። ቅዳሜ ደግሞ የድሮ ጸሐፊዎች ሊሰበሰቡ ነው፣ አንቺ ካልመጣሽ አይሆንም አሉኝ።»

«እታለም» አላት። «ያ ኢሜይል...»

«ምነው? ምን ሆነ?» አለች። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆሞ ጠበቀው።

 እህቴ ዋሽታለች የሚል ወረቀት ለዚያ ሁሉ ሰው ቢላክ የኬሚስትሪ አስተማሪው ዳግመኛ አይደውልም፤ ጸሐፊዎቹም ሌላ የሚጋብዙት ሰው ያገኛሉ። እሱ የሚያጣው ሥራ ነው። እሷ ግን ይህን ካጣች ሌላ ምንም የላትም።

«ጥሩ ተጽፏል» አላት። «አንቀጽ አከፋፈልሽ በተለይ።»

«እሱማ የሙያ ጉዳይ ነው» አለች፤ ስልኩም ጮኸ።

ቢሮው ተመልሶ ጻፈ። «በእህቴ በኩል የተላለፈው የቫይረስ ማስጠንቀቂያ ሐሰት ነው። የሻማው ፋይል ምንም ጉዳት የለውም፤ ያጠፋችሁ መልሱት። እህቴ በጠየቀችኝ ጊዜ ሳላጣራ እውነት ነው ብዬ ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ሥራ አስኪያጁ እያነበበ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያም በየአድራሻው ላከው። እንግዲህ ይህ ሰው ለዓመታት ስለ ኢሜይል እውነቱን ሲናገር ጆሮ የሰጠው አልነበረም። የመጀመሪያ ውሸቱን ግን ባንድ ቀን አገር አመነው።

ቅጣቱ ቶሎ መጣ። ከኮምፒውተር ላይ ተነሥቶ ወደ ሻንጣ ክፍል ተዛወረ፤ ተሳፋሪ የረሳውን ጃንጥላና የጠፋ ጓዝ መጠበቅ ነው ሥራው። ኮምፒውተሮቹ ለመብረቅ ተሰጡ። ሥራ አስኪያጁ ምክንያቱን ሲያስረዳ «ፋይሉን ከሁሉ ቀድማ ያገኘችው እሷ ናት» አለ። ይህን የሚቃወም ሰው አልተገኘም።

የሻንጣ ክፍሉ መስኮት የለውም፤ እርጥብ ቆዳ ይሸታል። መደርደሪያው ሥር ተቀምጦ ባለቤቱ ያልመጣለትን አንድ የግራ እግር ጫማ ሲያይ ሳለ መብረቅ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ወረቀት ይዛለች። ፊቷን አይቶ የኢሜይል ነገር እንደሆነ አወቀ።

«እህትህ ጽፈዋል» አለችው። «ለሁሉም ሰው።»

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «የእርምት ማስታወቂያ። ወንድሜ ጽፎት የደረሳችሁ ደብዳቤ አንድ ሐሰት አለበት። የሻማው ነገር ውሸት ነው፣ ይህንን ልክ ብሏል። ወንድሜ ግን ምንም አላረጋገጠም። ስደውልለት ሥራ ላይ ነበር፤ ጽሑፉን አላነበብኩለትም፤ እሺ ብሎ ዘጋው። ስሙን ከግርጌው ያስገባሁት እኔ ነኝ። እሺ ማለት አረጋገጥኩ ማለት እንዳልሆነ ማወቅ ይገባኝ ነበር። ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝና ይቅርታ አድርጉልኝ። ያረጋገጠው፦ እኔው ራሴ።»

ሁለቴ አነበበው። ተነሥቶ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሲገባ እሱም ወረቀቱን ይዞ ተቀምጧል፤ ዓይኑ እርጥብ ነው፤ መሐረቡን ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል።

«እህት እንዲህ ናት እንጂ!» አለው። «ለወንድማቸው ብለው ስማቸውን አፈር ሲያስገቡ አየህ? በዚህ ዕድሜያቸው!»

«ጋሼ፣ የጻፈችው እውነት ነው።»

«ተው እንጂ» አለ ሥራ አስኪያጁ አዝኖ። «አንተ አንዴ እንደ ወንድ አምነሃል። አሁን በሳቸው ደግነት ተከልለህ ልትወጣ አይገባም።»

«አላረጋገጥኩም። ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ።»

«ሂድ፣ ሻንጣህን ጠብቅ።»

የሰው ሁሉ ፍርድ ይኸው ሆነ። የመጀመሪያው ኢሜይል አስደንግጦ ነበርና ታመነ፤ የእሱ ጥፋተኛ ሰጥቶ ነበርና ታመነ። የእህትየው ግን አያስደነግጥም፣ የሚቀጣም ሰው አይሰጥም፤ እውነት ብቻ ነው ያለበት። አንብበው ልባቸው ተነካ፣ አንዱም ግን አላመነም።

ቅዳሜ ምሳ ና ብላው ሄደ። የጸሐፊዎቹ ስብሰባ ላይ ትሆናለች ብሎ ነበር፤ ግን አልሄደችም። ሾርባው ቀርቧል፤ ዳቦው ተቆርሷል፤ እሷ ግን ማንኪያዋን አልነካችም። ፊቷ ጠቁሯል።

«ሻንጣ ክፍል ነው አሉ የከተቱህ?»

«አይከፋም» አላት። «ፀጥ ያለ ነው።»

«እኔን ሳትጠይቀኝ በኔ ፈንታ ትዋሻለህ? ማን አርግልኝ አለህ?»

«አንቺስ ሳትጠይቂኝ በስሜ አረጋግጠሽ የለ?»

ይሄን ስትሰማ ልትቆጣ ተነሥታ ነበር፤ ስልኩ ቀደማት። አነሣችው። የሚናገረው ሰው ድምፅ ጎላ ያለ ስለነበር እሱም ይሰማል፤ ርእሰ መምህሩ ነው።

«የለም ጋሼ» አለች። «የለም፣ ስለሱ ብዬ አይደለም። የሆነውን ነው የጻፍኩት። እኔ ነኝ። አዎ፣ በገዛ እጄ። ኧረ እውነቴን ነው!»

«ይገባኛል፣ ይገባኛል» አለ ድምፁ በፍቅር። «እንዳንቺ ያለች እህት ለሁሉም ይስጠው። አኩርተሽናል።»

ስልኩን አስቀመጠች። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ሲሏት ነው የዋለችው። በሩቅ የሚያውቋት ሁሉ እየደወሉ ያመሰግኗታል፤ ጸሐፊዎቹ ስለ ወንድሟ ቀለል ያለ ወቀሳ እየጨመሩ አሞገሷት፤ ለዚያ ነው ከስብሰባው የቀረችው። ወንድሟን እያወረዱ እሷን ሲያነሡ ተቀምጣ መስማት አቃታት።

«ዕድሜ ልኬን ማንም ያላነበበውን ወረቀት ሳወጣ አገር ያምነኝ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ተቆራረጠ። «ዛሬ በራሴ ላይ ስመሰክር አንድ የሚያምነኝ ሰው ይጥፋ?»

«እኔ አምንሻለሁ።»

«አንተማ የሆነውን ስለምታውቅ ነው።»

ከዚያ አለቀሰች። እየጮኸች አይደለም፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ ዝም ብሎ እየወረደ። እሱ ማሽን ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ይሄንን ግን አያውቅም። ወንበሩን አንሥቶ ዞረና ከጎኗ ተቀመጠ።

«ንገሪኝ» አላት። «ያን ቀን ምን ነበር የደረሰሽ? ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ።»

አፍንጫዋን ጠረገች። ሊያሾፍባት እንደሆነ ፊቱን መረመረች፤ አልነበረም። መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣችና ማንበብ ጀመረች። ሾርባው እየቀዘቀዘ፣ እሱ ሰዓቱን ሳያይ፣ እስከ መጨረሻው ሰማት።